ባዳው ጥርስ፦ ቲታኒየም ከመንጋጋ አጥንት ጋር እንዴት ይዛመዳል?

"ጥርስ ባዳ ነው" ይላል ያገራችን ሰው። ልብ እያዘነ፣ ሆድም እያረረ ጥርስ ግን ሲስቅ ይታያልና የባለቤቱን ሐዘን የማይጋራ እንግዳ ነው ለማለት ነው። አባባሉ ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ እንጂ ስለ ሥነ ሕይወት አይደለም። የተፈጥሮ ጥርስ እጅግ ብዙ በሆኑ ጥቃቅን ቃጫዎች ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተሳሰረ፣ የራሱ የደም ሥርና ነርቭ ያለው የቅርብ ዘመድ ነው። ባዳ የሚለው ስም በትክክል የሚስማማው የተፈጥሮው ጥርስ ከጠፋ በኋላ በምትኩ ለሚተከለው ሰው ሠራሽ ሥር ነው። ይህ ሥር ከማዕድን ተጣርቶ በፋብሪካ የተቀረጸ የቲታኒየም ብሎን ሲሆን፣ አጥንት ግን በጥቂት ወራት ውስጥ አቅፎ አጥብቆ ይይዘዋል። ሐኪሞች ኢምፕላንት ወይም ተካይ ጥርስ ይሉታል።

የፊዚክስ መምህርን በጥርስ ሐኪም ሙያ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። የተተከለ ጥርስ የሚቆመውም የሚወድቀውም በኃይል፣ በውጥረት፣ በሙቀት፣ በገጽታና በንዝረት ሕግ ነው። እነዚህ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የምንማራቸው ጉዳዮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የጥርስ ተከላን ሳይንስ ከመሠረቱ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ በመጨረሻም ወጣት አንባቢያን ጥርሳቸውን ከማጣት የሚድኑበትን አንድ ጠቃሚ ነጥብ እናነሳለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የተፈጥሮ ጥርስ እንዴት ይቆማል?

ቆሎ የሚቆረጥም ሰው ጠንካራዋን ፍሬ ወደ ኋላ ጥርሶቹ እንደሚወስዳት ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ሳያስተምረን የማንሻን ሕግ እየተጠቀምን ነው። የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው መጋጠሚያ ላይ የሚዞር ማንሻ ነው። የማኘኪያ ጡንቻዎች የሚስቡት ከመጋጠሚያው ብዙም ሳይርቁ ነው። ስለዚህ ምግቡ ወደ መጋጠሚያው በቀረበ መጠን በተመሳሳይ የጡንቻ ጉልበት የሚገኘው የመንከስ ኃይል ይጨምራል። የአንድ ጤናማ ጎልማሳ የኋላ ጥርሶች ባላቸው አቅም ሁሉ ሲነክሱ ከ500 ኒውተን በላይ ኃይል ማሳረፍ ይችላሉ። ይህ በግማሽ ኩንታል ጤፍ ክብደት የሚገመት ነው። የፊት ጥርሶች ኃይል ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ይህን የሚያህል ኃይል በየዕለቱ የሚሸከመው የጥርስ ሥር ከአጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ አይደለም። በሥሩና በአጥንቱ መካከል በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጅማት ሽፋን አለ። ቃጫዎቹ በአንድ በኩል በሥሩ፣ በሌላ በኩል በአጥንቱ ውስጥ ተቀብረው ጥርሱን አንጠልጥለው ይይዙታል። ይህ ስስ ሽፋን ሁለት ታላላቅ አገልግሎቶችን ይሰጣል። አንደኛ፣ እንደ መኪና ባሌስትራ ድንገተኛ ምትን ያለዝባል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ያሉት የነርቭ ጫፎች የኃይሉን መጠንና አቅጣጫ ለአንጎል ያሳውቃሉ። እንጀራ ውስጥ የተደበቀች ደቃቅ ጠጠር ስትገኝ መንጋጋችን ፈጥኖ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። የተፈጥሮ ጥርሶች በመካከላቸው የገባን 20 ማይክሮ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ነገር እንኳ ለይተው ያውቃሉ። ማይክሮ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ምን ይሆናል?

አጥንት እንደ ድንጋይ የማይለወጥ ነገር ይመስላል እንጂ ዘወትር የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። ኦስቲዮክላስት የተባሉት ሕዋሳት አሮጌውን ያፈርሳሉ፣ ኦስቲዮብላስት የተባሉት ደግሞ አዲሱን ይገነባሉ። የግንባታው ሚዛን የሚወሰነው በሚያርፍበት ጭነት ነው። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 ባሳተሙት ሥራ አጥንት በሚሸከመው ጭነት ልክ ቅርጹን እንደሚያስተካክል ገልጸዋል። ክብደት አልባ በሆነው ሕዋ የሚሰነብቱ ጠፈርተኞች ከዳሌ አጥንታቸው በወር 1 በመቶ ገደማ የሚያጡትም ለዚህ ነው። ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል።

መንጋጋም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ጥርስ ከወለቀ በኋላ ሥሩን አቅፎ የኖረው የአጥንት ክፍል ተግባሩን ያጣል። በጥናት እንደታየው ጥርስ በተነቀለበት ቦታ የመንጋጋው ጠርዝ ስፋት በ12 ወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚህም ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በዚህ መካከል አጎራባች ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ትይዩ የነበረውም ጥርስ የሚገታው ስለሌለ ከመስመሩ ይወጣል። በመሆኑም የአንድ ጥርስ መጥፋት የአንድ ጥርስ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የጠፋውን ለመተካት የቆዩት ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በድድ ላይ የሚቀመጥ ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ዋጋው ቀላል ቢሆንም ድድን ከላይ ይጫናል እንጂ አጥንቱን ከውስጥ ስለማያሠራው የአጥንቱን መሳሳት አይገታም። ሁለተኛው ድልድይ ሲሆን፣ በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ሽፋን ከለበሱ በኋላ የመካከሉን ጥርስ እንዲሸከሙ ይደረጋል። ይህ ዘዴ ዛሬም የሚመረጥባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ሆኖም ጤነኛ ጥርሶችን መሞረድ ያስፈልጋል። ሦስተኛው መንገድ ከሥሩ መጀመር ነው።

ከዛጎል እስከ ጥንቸል እግር

ሰው ሠራሽ ጥርስን በመንጋጋ ውስጥ የመትከል ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1931 በሆንዱራስ በተደረገ ቁፋሮ በ600 ዓ.ም. አካባቢ የኖረ ሰው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ተገኝቷል። በሦስት የፊት ጥርሶች ጉድጓድ ውስጥ በጥርስ ቅርጽ የተሠሩ የዛጎል ቁርጥራጮች ተተክለው ነበር። ቆይቶ በራጅ ሲመረመር በተተከሉት ዙሪያ አጥንት አድጎ ታየ፤ ተከላው የተከናወነው ግለሰቡ በሕይወት ሳለ ነው ማለት ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሐኪሞች የተለያዩ ብረታ ብረቶችን ሞክረዋል። ከነዚህም መካከል በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የተሞከረው የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ብሎን ይጠቀሳል። አብዛኞቹ ሙከራዎች ግን ዘላቂ ውጤት አልነበራቸውም፤ ሰውነት በባዕዱ ነገር ዙሪያ እንደ ጠባሳ ያለ ልስልስ ሽፋን ይሠራል፣ ብሎኑም ውሎ አድሮ ይላላል።

መፍትሔው የመጣው ስለ ጥርስ ካልተነሳ ምርምር ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር ኢንግቫር ብሬንማርክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ቅልጥምን የደም ዝውውር ያጠኑ ነበር። ሕያው የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ ለመመልከት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ከቲታኒየም የተሠራ ትንሽ የመመልከቻ መስኮት ይተክላሉ። ጥናቱ ሲያበቃ ውዱን መሣሪያ ለሌላ ጊዜ ሊያወጡት ቢሞክሩ እምቢ አላቸው፤ አጥንቱ ከቲታኒየሙ ጋር ተቆራኝቶ ነበር። አጥንት ከቲታኒየም ጋር እንደሚስማማ የሚጠቁሙ የእንስሳት ሙከራዎች በ1940 እና በ1951 በሌሎች ተመራማሪዎች ታትመው ነበር። የብሬንማርክ ድርሻ ይህን ጠባይ ለዓመታት በሥርዓት አጥንተው ለሕክምና ማብቃታቸው ነው።

በ1965 በጎተንበርግ ከተማ በመንጋጋው ላይ የተፈጥሮ ጉድለት ለነበረበት ሰው የመጀመሪያዎቹን የቲታኒየም ሥሮች ተከሉ። ታካሚው በ2006 ሕይወቱ እስካለፈ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞባቸዋል። ይሁንና የሕክምናው ዓለም ወዲያው አልተቀበላቸውም። አጥንት ከብረት ጋር በቀጥታ አይገናኝም የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ስለነበር ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ታይተዋል። ብሬንማርክና ባልደረቦቻቸው የብዙ ዓመታት የክትትል መረጃ ይዘው በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ በተካሄደ ጉባኤ ካቀረቡ በኋላ ግን ዘዴው በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አገኘ። የአጥንትና የቲታኒየም ቁርኝት ኦሲዮኢንተግሬሽን የሚል ስም ወጥቶለታል። ብሬንማርክ በ2014 ዐረፉ።

ለምን ቲታኒየም?

ቲታኒየም አቶማዊ ቁጥሩ 22 የሆነ ንጥረ ነገር ነው። በ1791 በእንግሊዝ አገር ቢገኝም ከኦክሲጅን ጋር ያለው ቁርኝት እጅግ ብርቱ በመሆኑ በብዛት ማጣራት የተቻለው ሉክሰምበርጋዊው ዊልያም ክሮል በ1930ዎቹ ካሳደጉት ዘዴ በኋላ ነው። የሚገርመው፣ ለማጣራት ያስቸገረው ይኸው የኦክሲጅን ፍቅር ለሰውነት እንዲስማማ ያደረገው መሆኑ ነው።

አዲስ የተቆረጠ ቲታኒየም አየር እንደነካው በቅጽበት ጥቂት ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው የቲታኒየም ኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ ሲወድቅና ከሥሩ ያለውን ለተጨማሪ ዝገት ሲያጋልጥ፣ የቲታኒየም ኦክሳይድ ግን አጥብቆ ተጣብቆ የቀረውን ይጠብቃል፤ ቢጫርም ራሱን ያድሳል። ስለዚህ ደምና አጥንት የሚገናኙት ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከዚህ ሴራሚክ መሰል ልባስ ጋር ነው። ይኸው ኦክሳይድ በዱቄት መልኩ ለግድግዳ ቀለም ንጣት የሚሰጠው ነገር ነው። ጨዋማ በሆነው የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የማይሟሟና ጸጥተኛ ስለሆነ የአጥንት ገንቢ ሕዋሳት ቀርበው ሥራቸውን ይሠሩበታል።

ሁለተኛው ምክንያት ግትርነት ነው። የአንድ ቁስ ግትርነት በጊጋፓስካል ይለካል። የማይዝግ ብረት 200 ገደማ፣ ቲታኒየም 110 ገደማ፣ ጠንካራው የአጥንት ክፍል ደግሞ ከ10 እስከ 20 ገደማ ነው። ጎን ለጎን ሆነው አንድ ጭነት ከሚሸከሙ ሁለት ምንጮች አብዛኛውን የሚሸከመው ግትሩ ነው። እጅግ ግትር የሆነ ብረት በአጥንት ውስጥ ሲቀመጥ ጭነቱን ለብቻው ይወስደዋል፤ አጥንቱ ሥራ ይፈታል፤ ከላይ እንዳየነው ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል። ቲታኒየም ከአጥንት ይልቅ ግትር ቢሆንም ከሌሎቹ የሕክምና ብረቶች የተሻለ ጭነት ያጋራል። በማግኔት የሚሳብበት መጠንም ኢምንት በመሆኑ የኤምአርአይ ምርመራን አይከለክልም፤ በአካባቢው ያለውን ምስል በጥቂቱ ሊያዛባ ግን ይችላል።

ሦስተኛው ገጽታው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥሮች ገጽ ለስላሳ ነበር። የዛሬዎቹ አሸዋ መሰል ቅንጣት በመንፋትና በአሲድ በመብላት ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር የሚደርስ ሻካራነት እንዲኖራቸው ይደረጋል። በዚህ ዓይነቱ ገጽ ላይ አጥንት ፈጥኖ ይያያዛል።

አተካከሉ፦ ሙቀት፣ ጥብቀትና ትዕግሥት

ሐኪሙ በመጀመሪያ በሦስት አቅጣጫ በሚያሳይ የራጅ ምስል የአጥንቱን ከፍታ፣ ስፋትና ጥግግት ይመረምራል። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል፤ ብሎኑ ከዚህ ነርቭ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ይደረጋል። በላይኛው መንጋጋ ደግሞ ከኋላ ጥርሶች በላይ አየር የያዘ ባዶ ክፍል ስላለ አጥንቱ ስስ ሊሆን ይችላል። አጥንቱ ካልበቃ አስቀድሞ አጥንት የመጨመር ሕክምና ይደረጋል።

ከዚያ ቀዳዳው ይቦረቦራል። እዚህ ላይ ዋናው ጠላት ሰበቃ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። በ1983 በስዊድን በጥንቸሎች ላይ የተደረገ ጥናት አጥንት በ47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ደቂቃ ከቆየ እንደሚጎዳ አሳይቷል። የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ ሐኪሙ ያለው ክፍተት 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለታም መሰርሰሪያ ይጠቀማል፣ ከቀጭን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያሰፋል፣ እየነካ እያነሳ ይቦረቡራል፣ ቀዝቃዛ የጨው ውሃም ያለማቋረጥ ያፈስበታል። ሙቀት የገደለው አጥንት ብሎኑን ሊቀበለው አይችልም።

ቀጥሎ ብሎኑ እየተዞረ ይገባል። ጥምዝ መስመሮቹ ከአጥንቱ ጋር የሚነካኩበትን ስፋት ይጨምራሉ፤ የማዞሪያው መሣሪያም የተጠቀመውን የማዞር ኃይል ይለካል። በብዙ ሐኪሞች ዘንድ እንደ መልካም ምልክት የሚቆጠረው 35 ኒውተን ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በ10 ሴንቲ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 350 ግራም ክብደት ቢንጠለጠል የሚገኘው የማዞር ኃይል ነው። ከመጠን ያለፈ ማጥበቅም አጥንቱን ጨፍልቆ ይጎዳል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ብሎኑ በገባበት ዕለት የሚይዘው በሜካኒካዊ ጥብቀት ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰውነት የተጎዳውን አጥንት እያፈረሰ አዲስ ይገነባል። ማፍረሱ ከግንባታው ስለሚቀድም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የብሎኑ ጥብቀት ከመጀመሪያው ቀን ሊያንስ ይችላል። ታካሚው ሕመሙ ጠፍቶለት "ድኛለሁ" ብሎ ጠንካራ ነገር ለመቆርጠም የሚዳዳው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ብሎኑ ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ሜትር በላይ ደጋግሞ ከተነቃነቀ በዙሪያው የሚያድገው አጥንት ሳይሆን ጠባሳ ይሆናል። ያልደረቀ ኮንክሪት ውስጥ የቆመን ምሰሶ የሚወዘውዝ ሰው የሚያገኘውን ውጤት ማሰብ ነው። በመሠረታዊው አሠራር ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ ለላይኛው እስከ 6 ወር ይጠበቃል። የአጥንቱ ሁኔታ ሲፈቅድ ጊዜውን ማሳጠርና አንዳንዴም በዕለቱ ጊዜያዊ ጥርስ ማስቀመጥ ይቻላል።

አጥንቱ መያዙን ብሎኑን ሳይነቅሉ ማወቅ የሚቻለው እንዴት ነው? ክራር የሚቃኝ ሰው ክሩን ሲያጠብቀው ድምፁ እንደሚቀጥን ያውቃል። በዚሁ መርህ በብሎኑ ላይ ማግኔት የተገጠመለት ትንሽ ዘንግ ይታሰርና በመግነጢሳዊ ምት እንዲርገበገብ ይደረጋል። ብሎኑ በአጥንቱ ውስጥ በጠበቀ መጠን የንዝረቱ ድግግሞሽ ይጨምራል። ውጤቱ ከ1 እስከ 100 ባለው መለኪያ ይነበባል፤ ከ70 በላይ ሲሆን ጥብቀቱ ከፍተኛ ነው ይባላል። በመጨረሻ በብሎኑ ላይ ማያያዣው፣ በማያያዣውም ላይ የሚታየው ጥርስ ይገጠማል።

አጭር ስሌት

ተማሪዎች ወረቀትና እርሳስ ቢይዙ መልካም ነው። 4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ድፍን የቲታኒየም ዘንግ ከአጥንት በላይ 10 ሚሊ ሜትር ብቅ ብሎ ቆሟል እንበል። በጫፉ ላይ 100 ኒውተን ኃይል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ቢያርፍ፣ ኃይሉን ለዘንጉ ቁራጭ ስፋት ማለትም ለ12.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ስናካፍል 8 ሜጋፓስካል ገደማ ውጥረት እናገኛለን። ያው 100 ኒውተን ከጎን ቢገፋስ? የማጉበጥ ሞመንቱ 100 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 1000 ኒውተን ሚሊ ሜትር ነው። ለክብ ዘንግ ትልቁ ውጥረት የሚገኘው ሞመንቱን በ32 አባዝቶ፣ ለ3.14 እና ለዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ብዜት በማካፈል ነው። ይህም 32000 ለ201 ሲካፈል 159 ሜጋፓስካል ይሆናል። ኃይሉ ሳይጨምር አቅጣጫው ብቻ ቢለወጥ ውጥረቱ 20 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ዲያሜትሩ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቢቀንስስ? 64ን ለ27 ስናካፍል ውጥረቱ በ2.4 እጥፍ ገደማ አድጎ 377 ሜጋፓስካል ይደርሳል። ጠንካራው የንጹሕ ቲታኒየም ደረጃ በቋሚነት መጉበጥ የሚጀምረው በ480 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። ገና ይቀራል ያለ ተማሪ ሁለት ነገሮችን ይጨምር። አንደኛ፣ እውነተኛው ብሎን ለማያያዣው ሲባል ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከድፍኑ ዘንግ ይደክማል። ሁለተኛ፣ ማኘክ ተደጋጋሚ ነው። አንድ ሰው በቀን 1000 ጊዜ ቢያኝክ በ10 ዓመት 3.65 ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል፤ ሽቦን ደጋግሞ በማጠፍ መስበር እንደሚቻል ሁሉ ብረትም ይዝላል። ሐኪሙ ስለ ብሎኑ ውፍረትና ስለ ጥርሱ አቅጣጫ የሚጨነቀው ለዚህ ነው። በእንቅልፍ ልብ ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎችም ሌሊት የሚያደርጉት መከላከያ የሚታዘዝላቸው ለዚሁ ነው።

ባዳነቱ የት ላይ ይታያል?

በትክክል የተተከሉ ጥርሶች ከ10 ዓመት በኋላም ከ90 በመቶ በላይ በቦታቸው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህ ለሕክምና ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ዝምድናው ሙሉ አይደለም። የጅማት ሽፋኑ ስለሌለ በማኘክ ወቅት የተፈጥሮ ጥርስ በብዙ አሥር ማይክሮ ሜትሮች ሲንቀሳቀስ፣ የተተከለው የሚንቀሳቀሰው በጥቂት ማይክሮ ሜትሮች ብቻ ነው። የጠጠሯ ምት ሳይለዝብ ወደ ብሎኑና ወደ አጥንቱ ያልፋል። የነርቭ ጫፎቹም ስለሌሉ የመለየት ችሎታው ይደክማል።

ከሁሉ የሚከፋው በድድ በኩል ነው። በተፈጥሮ ጥርስ የድድ ቃጫዎች በሥሩ ውስጥ ተቀብረው ለባክቴሪያ በሩን ይዘጋሉ። በብሎኑ ዙሪያ ግን ቃጫዎቹ ጎን ለጎን ያልፋሉ እንጂ አይገቡበትም። ቲታኒየም ባይበሰብስም፣ ንጽሕናው ካልተጠበቀ በዙሪያው ያለው ድድ ይቆጣል፣ ቀጥሎም አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል። ሲጋራ ማጨስ፣ ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመምና የቆየ የድድ በሽታ አደጋውን ያባብሳሉ። ስለዚህ የተፈጥሮ ጥርሱን በንጽሕና ጉድለት ያጣ ሰው ልማዱን ሳይለውጥ ብሎን ቢያስተክል ሁለተኛ ጊዜ ለማጣት መዘጋጀቱ ነው።

አንድ ተግባራዊ ጉዳይ እንጨምር። አምራቾች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ማያያዣ ከሌላው ብሎን ጋር ላይገጥም ይችላል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በአረብ አገሮች ያስተከለ ወገናችን አገር ቤት ሲመጣ ማያያዣው ቢላላ፣ የአምራቹን ስም፣ ዓይነቱንና መጠኑን የሚገልጽ ወረቀት ከሌለው ሐኪሙ ይቸገራል። ወረቀቱን እንደ ፓስፖርት መጠበቅ ይገባል።

ለወጣቶች፦ ከመትከል በፊት ማዳን

ይህ ጽሑፍ ብዙዎቹ አንባቢዎቹ ወጣቶች ናቸውና አንድ እውነት ሊታወቅ ይገባል። የመንጋጋ እድገት ሳይጠናቀቅ ብሎን አይተከልም። የተፈጥሮ ጥርሶች ከሚያድገው መንጋጋ ጋር አብረው ይወጣሉ፤ ብሎኑ ግን በአጥንቱ ተቆልፎ ባለበት ስለሚቀር ከዓመታት በኋላ ከጎረቤቶቹ አጥሮ ይታያል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ዓመት አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። በ14 ዓመቱ በእግር ኳስ ሜዳ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ለዓመታት በጊዜያዊ መተኪያ መቆየት ይኖርበታል፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ ደግሞ አጥንቱ ይሳሳል።

ሆኖም ያ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሊድን ይችል ነበር። በአደጋ ሙሉ በሙሉ የወለቀ ቋሚ ጥርስ የጅማቱ ሕዋሳት ከሥሩ ጋር አብረው ይወጣሉ፤ ካልደረቁ ሕያው ሆነው ይቆያሉ። ደርቀው አንድ ሰዓት ካለፋቸው ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ። ስለዚህ እንዲህ ይደረግ። ጥርሱን ከሚታየው ጫፍ ይዞ ማንሳት፤ ሥሩን አለመንካት፣ አለመፈግፈግም። ቆሻሻ ከነካው በወተት ወይም ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ልጁ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ወዲያው በጉድጓዱ መልሶ ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ። ይህ ካልተቻለ በወተት ውስጥ አድርጎ በፍጥነት፣ ቢቻል በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ማድረስ። በተራ ውሃ ውስጥ ማቆየት ወይም በሶፍት ጠቅልሎ ኪስ መክተት ጥርሱን ይገድለዋል። የሕፃናት የወተት ጥርስ ግን አይመለስም፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና።

ከዚሁ ጋር በአንዳንድ የሀገራችን አካባቢዎች ተቅማጥና ትኩሳት ይከላከላል በሚል እምነት የሚፈጸመውን የሕፃናት የወተት ጥርስ መንቀል ማንሳት ግድ ይላል። ድርጊቱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ከመዳረጉም በላይ ከሥር በመሠራት ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ያ ልጅ ጎልማሳ እስኪሆን ምንም ዓይነት ብሎን ሊተከልለት አይችልም፤ ሲደርስም ወጪው የብዙ ቤተሰብ አቅም የሚፈቅደው አይደለም።

ተከላን የሚያስብ ሰው ሐኪሙን ቢያንስ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ፦ ይህን ጥርስ በሙሌት ወይም በሥር ሕክምና ማዳን አይቻልም? ድልድይ ወይም ተነቃይ ጥርስ ለእኔ አይበቃም? የአጥንቴ መጠን በራጅ ታይቷል? ከተተከለ በኋላ ክትትሉ በየስንት ጊዜ ነው? ጥሩ ሐኪም እነዚህን ጥያቄዎች በደስታ ይመልሳል። ቲታኒየም የጠፋውን ሥር ለመተካት እስካሁን ከተገኙት ሁሉ የላቀ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ነገር ግን የ0.2 ሚሊ ሜትሩን ጅማት የሚተካ ብሎን ገበያ ላይ አልዋለም። ሊድን የሚችልን ጥርስ ለብሎን ብሎ ማስነቀል፣ ያለውን ትቶ የሌለውን መፈለግ ነው።